ጋሎን፣ ሊትርና የቤታችን እንስራ
የውኃና የመድኃኒት ስፍር ለቤት እናቶች

በቁስቋምና በዙሪያዋ ቤት ለቤት ስንዞር በየጓዳው የምናየው የውኃ ዕቃ ዓይነቱ ብዙ ነው። እንስራ አለ፣ ገንቦ አለ፣ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ በርሜል አለ፤ ለመጠጫ ደግሞ ጣሳ፣ ብርጭቆ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አለ። «ዛሬ ስንት ውኃ ቀዳችሁ?» ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ሁለት እንስራ» ወይም «ሦስት ጀሪካን» የሚል ነው። ለዕለት ኑሮ ይህ አነጋገር ይበቃል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በዚሁ ይግባባል። ነገር ግን በውኃው ላይ መድኃኒት የሚጨመርበት ቀን፣ ወይም ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚበጠበጥበት ቀን ሲመጣ የዕቃው ስም ብቻውን አያዋጣም። የአንዷ ቤት እንስራ ከሌላዋ እንስራ ይበልጣል፤ ጣሳውም እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ ግን የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ከጎንደርና ከአካባቢዋ ሄደው በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ለእናቶቻቸው፣ ለእህቶቻቸው የሕፃን ጡጦ፣ የዱቄት ወተት፣ የትኩሳትና የሳል ሽሮፕ በሻንጣ ይልካሉ። መላካቸው ደግ ነው፤ ይባረኩ። ታዲያ በዕቃው ላይ የተጻፈው ልክ ብዙ ጊዜ እኛ የምናውቀው ሊትር አይደለም፤ ጋሎን፣ አውንስ፣ ካፕ የሚል ነው። ጋሎኑን ጀሪካን መስሏት፣ አውንሱን ማንኪያ መስሏት የምትሰፍር እናት ልጇን ልትጠቅም ብላ ትጎዳዋለች። ስለዚህ እነሆ፣ በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካንን ስፍር ወደ ሊትር እንዴት እንደምንመልስና በቤታችን ባለው ዕቃ እንዴት እንደምንሰፍር እናስረዳለን።

ሊትር ምንድን ነው?

አንድ ሊትር ማለት ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን የሚይዘው ውኃ ነው። ይኸው ሊትር ለ1000 ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ሚሊ ሊትር ይባላል። ነርሶች መርፌ ሲያዘጋጁ «ሁለት ሲሲ፣ አምስት ሲሲ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ሲሲና ሚሊ ሊትር ስማቸው ቢለያይ እንጂ ልካቸው አንድ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ይህን ማወቅ ለገጠር ቤት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም መስፈሪያ በሌለበትም ቦታ ሚዛን ያለው እህል ነጋዴ አይጠፋም። የእንስራችሁን ልክ ለማወቅ ስትፈልጉ በመጀመሪያ ባዶውን አስመዝኑት፤ ቀጥሎ ውኃ ሞልታችሁ አስመዝኑት፤ ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ። እንበል፣ ባዶው 4 ኪሎ፣ ከነውኃው 16 ኪሎ ቢሆን እንስራው የሚይዘው 12 ሊትር ነው ማለት ነው። ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እንስራው እስኪሰበር ድረስ ልኩ ያው ነው። ለዘይትና ለማር ግን በዚህ መንገድ አትጠቀሙ። ዘይት ከውኃ ይቀላል፣ ማር ደግሞ ይከብዳል፤ ስለዚህ የእነሱ ሊትር ከኪሎ ጋር አይገጥምም።

እንስራ ተሸክሞ ገበያ መሄድ ለሚከብዳት እናት ቀላሉ መንገድ የታሸገ ውኃ ፕላስቲክ ነው። «1 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሃይላንድ ፈልጉና በደንብ እጠቡት። ውኃውን ስትሞሉ እስከ አፉ ጢም ብሎ ሳይሆን ፋብሪካው ሞልቶት የነበረበት ቦታ ድረስ ይሁን። ይህን ውኃ ወደ ጆግ ወይም ወደ ጣሳ ገልብጡና ውኃው የደረሰበትን ቦታ በምስማር ጫር አድርጉት። እንግዲህ የሊትር መስፈሪያ አገኛችሁ። የሊትር ፕላስቲክ ከሌለ 330 ሚሊ ሊትር የሚል ጽሑፍ ያለበት የቢራ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ሲገለበጥ 990 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከሊትር የሚጎድለው 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ስለ ሆነ ለቤት ሥራ ልዩነት የለውም። ቢራው ለማን እንደ ተጠጣ አንጠይቅም፤ ጠርሙሱ ግን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ።

የአሜሪካ ስፍር

አሜሪካኖች ውኃና ወተት የሚሰፍሩበት ትልቁ ልክ ጋሎን ነው። ጋሎን ለ4 ሲከፈል ኳርት ይባላል። ኳርት ለ2 ሲከፈል ፓይንት፣ ፓይንት ለ2 ሲከፈል ካፕ፣ ካፕ ደግሞ ለ8 ሲከፈል አውንስ ይሆናል። አንድ አውንስ 2 የሾርባ ማንኪያ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያም 3 የሻይ ማንኪያ ነው። አንዱን እንጀራ ለአራት ቆርሶ፣ ሩቡን ደግሞ ለሁለት ቆርሶ እንደ ማካፈል ያለ ነገር ነው። የእኛ ሊትር በ10፣ በ100፣ በ1000 ስለሚከፈል ለሒሳብ ይቀላል፤ የእነሱ በ4፣ በ2፣ በ8 እየሄደ ያደናግራል። ያም ሆነ ይህ፣ ወደ ሊትር ሲመለስ እንዲህ ነው፦

1 ጋሎን = 3 ሊትር ከ785 ሚሊ ሊትር
1 ኳርት = 946 ሚሊ ሊትር
1 ፓይንት = 473 ሚሊ ሊትር
1 ካፕ = 237 ሚሊ ሊትር ያህል
1 አውንስ = 30 ሚሊ ሊትር ያህል
1 የሾርባ ማንኪያ = 15 ሚሊ ሊትር ያህል
1 የሻይ ማንኪያ = 5 ሚሊ ሊትር ያህል

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ለሚያስቸግራችሁ ሦስቱን ብቻ ያዙ። ጋሎን ከ4 ሊትር ትንሽ ያንሳል፤ ኳርት ከ1 ሊትር ትንሽ ያንሳል፤ አውንስ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ለቤት ሥራ ይህ ይበቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጋሎን የሚባለው ቃል በአገራችን ከየት መጣ? ጋሎን አንድ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ጋሎን 4 ሊትር ከ546 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአሜሪካኑ በሩብ ሊትር ሦስት እጅ ያህል ይበልጣል። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረው ነበር። ከአሜሪካ የመጣ መጽሐፍ ጋሎንና አውንስ ይዞ ይመጣል፤ ከአውሮፓ የመጣው ሊትር ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ስፍሮች ማወራረድ በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። አገራችን በሕግ ሜትርን፣ ኪሎንና ሊትርን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የሚዛንና የመስፈሪያ አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መድኃኒት ቤትም፣ ጤና ጣቢያም የሚሰፍረው በሊትርና በሚሊ ሊትር ነው። ገበያው ግን ዛሬም ጣሳውንና ቁናውን አልተወም፤ ቁናም ከአገር አገር ይለያያል።

አውንስን «ወቄት» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች አሉ። ወቄት ወርቅ የሚመዘንበት ክብደት ነው፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል እንደ ሆነ ወቄትም በዚያው አካባቢ ነው። አሜሪካኖች በአውንስ ስም የሚጠሩት ክብደትም አላቸው። በጡጦና በሽሮፕ ላይ ያለው አውንስ ግን የፈሳሽ ስፍር ነው እንጂ ክብደት አይደለም። ዱቄት ወተትን በወቄት ሚዛን እየመዘነ የሚበጠብጥ ሰው እንዳይኖር ይህን ለይተን ተናገርን።

የውኃ መድኃኒትና ጀሪካን

ከወንዝ፣ ከምንጭ ወይም ካልተከለለ ጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ለዓይን ጥሩ ቢመስልም በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይኖሩበታል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ አካባቢ ኮሌራ እንደ ተነሣ የሚታወስ ነው። ኮሌራም ሆነ ሌላው ተቅማጥ በብዛት የሚገባው በውኃና በእጅ ነው።

ውኃን ለማከም የሚያገለግለው ክሎሪን ነው። በአገራችን «ውሃ አጋር» በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽ የዚሁ ዓይነት ሲሆን በጠርሙሱ ቆብ እየተሰፈረ ወደ ጀሪካን የሚጨመር ነው። ስንት ቆብ ለስንት ሊትር እንደ ሆነ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ለማትችል እናት ተማሪ ልጇ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታንብብላት። ከዚህ ላይ ልብ በሉ። የተለመደው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ ነገር ግን 25 ሊትር የሚይዝም፣ 10 እና 5 ሊትር የሚይዝም ይሸጣል። ለ20 ሊትር የታዘዘውን በ5 ሊትር ላይ የምትጨምር እናት ልኩን አራት እጥፍ አደረገችው። ውኃው ይከረፋል፣ ልጆቹም «አንጠጣም» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ራሱ ይጠላል።

ከአሜሪካ በሚመጡ መመሪያዎች ላይ የሚገኘው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ጥንካሬው 6 በመቶ የሆነ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 8 ጠብታ ለ1 ጋሎን ንጹሕ ውኃ፤ ውኃው የደፈረሰ ከሆነ እጥፉ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ መቆየት። ይህ ትክክል ነው፤ ስሕተት የሚሠራው ጋሎኑ ላይ ነው። አንድ ጀሪካን አንድ ጋሎን አይደለም። 20 ሊትር ለ3.785 ሲካፈል 5 ጋሎን ከሩብ ይሆናል። እንግዲህ 8 ጠብታው በ5 ከሩብ ሲባዛ 42 ጠብታ ይመጣል። ሃያ ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ስለ ሆነ 42 ጠብታ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። «8 ጠብታ ይበቃል ተብያለሁ» ብላ ጀሪካኑ ላይ 8 ብቻ የምታንጠባጥብ እናት ከሚያስፈልገው አምስት እጅ አንዱን ብቻ ነው የሰጠችው። ውኃው ታከመ ብላ ታምናለች፣ ልጆቿን ታጠጣለች፤ ተሐዋስያኑ ግን አልሞቱም። ያልታከመ ውኃ ከሆነስ ቢያንስ ትጠነቀቅ ነበር፤ ክፋቱ ታክሟል ተብሎ የሚጠጣው ነው።

በሱቅ የሚሸጥ በረኪና ሁሉ ግን ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። አንዳንዱ ጥንካሬው አልተጻፈበትም፤ አንዳንዱ ሽቱ ተጨምሮበታል። ጥንካሬው ያልታወቀ በረኪና በጠብታ ቢቆጠር ቁጥሩ ምን ይረዳል? እንዲህ ያለውን ለልብስና ለወለል ተዉት፣ የመጠጥ ውኃውን አፍሉት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህም በቆላ 1 ደቂቃ የሚበቃው መንተክተክ በእኛ ደጋ 3 ደቂቃ ይሁን።

የተቅማጥ መጠጥ

ከሁሉ ይልቅ የምንጨነቅበት ይህ ነው። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። የወጣውን ለመተካት የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ ኦ አር ኤስ የምንለው፣ በፓኬት ይመጣል። ከጤና ጣቢያ የምትቀበሉት ፓኬት አንዱ ለ1 ሊትር ውኃ የተዘጋጀ ነው፤ ለሁሉም ቢሆን ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ሊትር ተመልከቱ።

ከአሜሪካ የመጣ መስፈሪያ ያላት እናት በኳርት ብትሰፍር 946 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሊትር የሚጎድለው ትንሽ ስለ ሆነ አያሰጋም። በፓይንት ብትሰፍር ግን 473 ሚሊ ሊትር ነው፤ መጠጡ እጥፍ ያህል ጨው ይሆናል። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የምትበጠብጥ እናትም ያንኑ ታደርጋለች። እጥፍ ጨው የጠጣ ሕፃን ጥሙ ይጨምራል፣ ይነጫነጫል፣ አልፎ ተርፎም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በ2 ሊትር ፕላስቲክ ላይ አንድ ፓኬት ብቻ ብትጨምር ደግሞ ቀጥኖ የጠፋውን ጨው አይተካም። «ትንሽ ቢወፍር ምን አለ፣ ቶሎ ይሽራል» የሚል አነጋገር በየሰፈሩ እንሰማለን። ይህ ሾርባ አይደለም እኮ! ልኩ ነው መድኃኒት የሚያደርገው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብቻ ካላችሁ ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ በንጹሕ ጆግ ገልብጡና ፓኬቱን በሙሉ በዚያ በጥብጡ። ፓኬቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለነገ ማኖርም ጥሩ አይደለም፤ ዱቄቱ ግማሽ በግማሽ መከፈሉን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ እርጥበትም ያገኘዋል።

ውኃው የታከመ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ በተቀመጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በስኒ ቀስ እያለ ይሰጠው። በአሜሪካ ጡጦ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ከ3 አውንስ ትንሽ ከፍ ይላል። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። የጡት ወተት አይቋረጥ፤ ዚንክም ከጤና ጣቢያ ተቀብላችሁ እስከ መጨረሻው ስጡት።

ፓኬት በማይገኝበት ቦታ ለጊዜው 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። «ልክ» ስንል ማንኪያው ሳይቆለል በቢላዋ ጀርባ ተላግ ማለታችን ነው። ማንኪያዋም 5 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የሻይ ማንኪያ እንጂ የወጥ ማንኪያ አይደለችም። ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ከቀመሰ ደፍታችሁ እንደ ገና ሥሩ። የልጁ ዓይን ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ ወይም በሰገራው ደም ከታየ ግን ስፍር መቁጠሩን ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ በመንገድም ማጠጣቱን አታቋርጡ።

ጡጦ፣ ዱቄት ወተትና ሽሮፕ

ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ አያስፈልገውም፤ ውኃም ቢሆን። ይህን ደጋግመን የምንለው ነው። እናት በሞት የተለየችው ወይም በሐኪም ትእዛዝ ዱቄት ወተት የሚሰጠው ሕፃን ግን አለና ስለ ስፍሩ መናገር አለብን።

በጡጦው ጎን ሁለት ዓይነት ቁጥር ተደርድሯል። በአንዱ በኩል ከ1 እስከ 8 ያለው፣ በላቲን ፊደል «ኦ» እና «ዜድ» የተጻፈበት፣ አውንስ ነው። በሌላው በኩል 30፣ 60፣ 90 እያለ እስከ 240 የሚሄደው፣ «ኤም» እና «ኤል» የተጻፈበት፣ ሚሊ ሊትር ነው። 8 አውንስና 240 ሚሊ ሊትር አንድ ቦታ ላይ ይውላሉ።

አደጋው በቆርቆሮው ውስጥ ያለችው ማንኪያ ላይ ነው። አንዱ ቆርቆሮ «1 ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር» ይላል። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ «1 ማንኪያ ለ2 አውንስ» ይላል፤ ይኸውም ለ60 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በፊተኛው የለመደች ሞግዚት ወይም አያት ለ120 ሚሊ ሊትር ውኃ 4 ማንኪያ ትጨምራለች። አዲሱ ቆርቆሮ ሲከፈት ያንኑ 4 ከጨመረች ወተቱ እጥፍ ወፈረ፤ 2 ነበር የሚበቃው። የወፈረ ወተት የሕፃኑን ኩላሊት ያስጨንቃል፣ ያስጠማዋል፣ ያደርቀዋል። በተገላቢጦሹ ቆርቆሮው እንዳያልቅ ብሎ ማቅጠንም ሕፃኑን ያከሳዋል። ማንኪያዋን ከአንዱ ቆርቆሮ ወደ ሌላው አትለውጡ። ከተቻለም ጡጦውን ትታችሁ በስኒ አጠጡት፤ የጡጦ አንገትና ጡት ለማጠብ ያስቸግራል፣ ስኒ ግን በቀላሉ ይጸዳል።

ስለ ሽሮፕ በአጭሩ፦ የአሜሪካ ጽሑፍ የሻይ ማንኪያንና የሾርባ ማንኪያን በላቲን ፊደል አሳጥሮ ሲጽፋቸው በጣም ይመሳሰላሉ። አንዷ 5 ሚሊ ሊትር ናት፤ ሌላዋ 15። ማሳሳት ማለት ሦስት እጥፍ መስጠት ነው። ስለዚህ በማንኪያ መስጠቱን ትታችሁ ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። ልኩ በልጁ ኪሎ ስለሚወሰን ከውጭ የመጣን ሽሮፕ ከመስጠታችሁ በፊት ጠርሙሱን ለጤና ባለሙያ አሳዩ።

ስፍር መለወጥ የማያስፈልግበት

ሁሉም ነገር ሒሳብ አይፈልግም። ትውከትና ተቅማጥ የያዘው ሰው የነካውን ወለል ለማጽዳት 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 1 እጅ፣ ከውኃ 9 እጅ ይደባለቃል። «እጅ» የተባለው ጣሳም ቢሆን፣ የአሜሪካ ካፕም ቢሆን፣ የቢራ ጠርሙስም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ይሰፈሩ እንጂ። በረኪናውን በስኒ፣ ውኃውን በጣሳ ከሰፈራችሁ ነገሩ ፈረሰ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ሌላ የማጽጃ ፈሳሽ አትጨምሩበት፤ መርዛማ ጢስ ያወጣል። ለዚህ ሥራ የዋለው ዕቃም ዳግመኛ ወደ ማጀት አይመለስ።

የቤተ ሰብ ውኃ ስንት ነው?

ለመጠጥ፣ ለምግብና ለገላ መታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ያህል፣ ማለት አንድ ጀሪካን ያስፈልገዋል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 100 ሊትር ነው። ይህ በጀርባ 100 ኪሎ ማለት ነው፤ ከቀሃ ወንዝ ወደ ቁስቋም ዳገቱን ለምትወጣ ሴት ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ስለዚህም «ብዙ ውኃ ተጠቀሙ» ብለን ከማዘዛችን በፊት ሸክሙን ወንዶቹና አህያው ይካፈሉት እንላለን። በከተማው የውኃ ደረሰኝ ላይ የምታዩት «ሜትር ኩብ» ደግሞ 1000 ሊትር፣ ማለት 50 ጀሪካን ነው።

የቧንቧ ውኃ ለሚቋረጥባቸው ሰፈሮች የአሜሪካኖች መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን ለ3 ቀን ይጠራቀም ይላል። ለአምስት ሰው 15 ጋሎን ይሆናል፤ ወደ እኛ ሲመለስ 57 ሊትር ያህል፣ ማለት ሦስት ጀሪካን ነው። ይህ ለመጠጥና ለእጅ ብቻ የሚሆን እንጂ ለልብስ አይበቃም።

በርሜል ያላችሁ፣ «ባለ 55 ጋሎን» የሚባለው በአሜሪካ ጋሎን 208 ሊትር ነው፤ በገበያ 200 ሊትር ይሉታል። መድኃኒት ስትጨምሩ እንደ 10 ጀሪካን ቁጠሩት፤ ግማሽ ከሆነ እንደ 5። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበር ጠይቁ። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ደጋግሞ ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። የምግብ ዘይት የነበረበት በሙቅ ውኃና በሳሙና ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠብና ክዳን ይበጅለት፤ ውኃውም በእጅና በጣሳ እየተጠለቀ ሳይሆን እጀታው ረጅም በሆነ መቅጃ ወይም በቧንቧ ይቀዳ።